ሁለት ሊትር ተኩል

አንድ አባት ነበሩ። አራት ልጆችና አንድ ቮልስ ነበራቸው። ልጆቹ አድገው ተበታተኑ፤ ቮልሷ ግን ከአባትየው ጋር ቀረች።

ተበታተኑ ስል በጣም ርቀው አይደለም። ትልቋ ሴት ልጅ ሰበታ፣ ተከታይዋ ወንድ ቡራዩ፣ የመጨረሻው ልጅ ሱሉልታ ቤት ሠሩ። አዲስ አበባ ላይ ቦታ መግዛት ያቃተው ሁሉ እንደሚያደርገው አንዷ በጅማ መንገድ፣ አንዱ በአምቦ መንገድ፣ አንዱ በጎጃም መንገድ ወጡ ማለት ነው። የምር የራቀችው ዋሽንግተን የገባችው ሦስተኛዋ ልጅ ብቻ ናት። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች አጎራባቾቻቸው ጋር ተጠቃለው ሸገር ከተማ ተብለዋል። በወረቀት አንድ ናቸው። ከሱሉልታ ሰበታ የሚሄድ ሰው ግን ዛሬም አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ፣ ታክሲ ቀያይሮ ነው የሚደርሰው። ልጆቹም እንደ ከተሞቹ ነበሩ። አንድነታቸው ጎልቶ የሚታየው በወራሽነት ማረጋገጫው ላይ ነበር።

አባትየው ቮልሷን የገዟት በ1960 ዓ.ም. ነው። 1200 የምትባለዋ ናት፤ ሞተሯ ከኋላ፣ የዕቃ መጫኛዋ ከፊት፣ ጉልበቷ 34 የፈረስ ጉልበት። ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ስለሆነ ውኃ የምትጠጣበት ቦታ የላትም። ለደጋ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነበር። እንጦጦን ሲወጡ አፍልቶባቸው ኮፈን ከፍተው፣ ጀሪካን ይዘው ምንጭ ፍለጋ የሚንከራተቱትን ባለ ትልልቅ መኪኖች አባትየው በሁለተኛ ማርሽ እየተንቀረፈፉ ያልፏቸውና ክላክስ ያደርጉላቸው ነበር። መቼም ፍጥነት አይባልም። አየሩ በሳሳበት በዚያ ከፍታ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ከ34ቱ ፈረሶች ስምንት ያህሉ ትንፋሽ አጥሯቸው ከኋላ ይቀራሉ። የቀሩት ግን ያደርሳሉ።

ቮልስ ሁለት በር ብቻ ነው ያላት። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው የፊቱን ወንበር አጥፎ፣ ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ማንም ቢሆን። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወጥተው ወደ 4ኛ ክፍለ ጦር ሲወሰዱ የተቀመጡት በቮልስዋገን የኋላ ወንበር ላይ ነበር። አባትየው ይህን ነገር ባነሱ ቁጥር ስለ ንጉሡ ምንም አይሉም፤ «ወንበሩ እንዴት እንደሚታጠፍ ማን አሳያቸው ይሆን?» ብቻ ይላሉ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የማይቀር ሥራ ነበራቸው። የኋላውን ኮፈን ይከፍታሉ፤ የዘይት መለኪያዋን ዘንግ መዘው በአንዲት የነተበች ጨርቅ ይጠርጋሉ፤ መልሰው ከትተው እንደገና ይመዛሉ፤ ወደ ብርሃን አዙረው ያያሉ። ቺንጋዋን በአውራ ጣት ጫን አድርገው ምን ያህል እንደምትረግብ ይለካሉ። ትልልቆቹ ልጆች በዚያ ሰዓት ወይ ኳስ ሜዳ ናቸው፣ ወይ ተኝተዋል። መብራት የሚይዘው የመጨረሻው ልጅ ነበር። ወዶ አልነበረም፤ ከቤት የተገኘው እሱ ስለሆነ ነው።

አባትየው በ2014 ዓ.ም. አረፉ። የሙት ዓመታቸው እንደተዘከረ ልጆቹ ተሰብስበው ተቀመጡ። ስልኩ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ሞሰቡ አጠገብ ተቀመጠ፤ ዋሽንግተን ያለችው እንድትሰማ።

«የአባባን መኪና ሸጣችሁ ብሰማ ዕድሜ ልኬን አላናግራችሁም» አለች ከስልኩ ውስጥ።

«የቤተሰባችን ታሪክ ናት» አለ የቡራዩው።

«ቅርስ ናት እንጂ! ቅርስ ደግሞ አይሸጥም» አለች የሰበታዋ።

የሱሉልታው ቡናውን ይዞ ዝም ብሎ ቆየና «ማን ይነዳታል?» አለ። መልስ የሰጠው የለም። ጥያቄውን እንደ ጥያቄ የቆጠረውም ያለ አይመስለኝም። ለምስክርነት የተጠሩ አንድ ሽማግሌ «በዙር ያዟት፤ አራት አራት ወር» አሉ፤ ሁሉም ደስ አላቸው። ማንም ምንም ያላጣበት ውሳኔ ምንጊዜም ደስ ያሰኛል።

መጀመሪያ ሰበታ ገባች። የወጨጫ ተራራ ከበላይ በሚታይበት ግቢ ውስጥ ትልቋ ልጅ አሳጠበቻት፣ አስወለወለቻት፣ የወንበር ልብስ አሰፋችላት። ፍቅሯን ማንም አይጠረጥርም። የአባቷ ባርኔጣ ከኋላ መስታወቱ ሥር እንደተቀመጠ ነበር፤ እሱን አላነሳችም፤ አንዳንድ ቀን መኪናው ውስጥ ብቻዋን ገብታ በሩን ዘግታ ትቀመጥ ነበር። ልጇ ስትመረቅ ቮልሷ በአበባ ተሸልማ ፎቶ ተነሳች። የጎረቤት ሙሽሮችም ተውሰዋታል። ማስነሳት ሲያስፈልግ ከሰፈሩ ጋራዥ አንድ ልጅ ይጠራል። የዘይት መለኪያዋ ዘንግ ግን በአራት ወር ውስጥ አንድ ጊዜም አልተመዘዘችም።

ቀጥሎ ቡራዩ። እዚያ እንደደረሰች፣ ጥር 2016 ላይ፣ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገቡ፣ የሚገቡት በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ብቻ እንደሚሆኑ አስታወቀ። የቡራዩው ይህን ሲሰማ ሄዶ ሁለተኛ ቁልፍ ገዛ። የማያውቀው ደላላ ሳይቀር ደወለለት። «ጌታዬ፣ አይንኳት። ያለው ያ ብቻ ነው፤ ሌላ አይመጣም» አለው። ሐምሌ ላይ ደግሞ ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ሲባል እንደገና ደወለለት። ዙሩ ማለቁን ያስታወሰው ሰው ግን አልነበረም፤ ቮልሷ ከአራት ወርም አልፋ እዚያው ነበረች። ሰውየው ለእሷ ብቻ ቆርቆሮ ቤት ሠራላት፤ ሸራ አለበሳት፤ ቆለፈባት። አንዷ የጎን መስታወት እንዳልተዘጋች አላየም። ዶሮ ገብታ የፊት ወንበር ላይ ዕንቁላል ጣለች፤ አይጥ ደግሞ የኋላውን ወንበር ሙሌት ፈልቅቃ ጎጆ ሠራች። የቮልስ ባትሪ ያለው የኋላ ወንበሩ ሥር ነው። የሞተ ባትሪ እዚያ ለወራት ሲቀመጥ አሲዱ ተንጠባጥቦ ከሥሩ ያለውን ላሜራ ይበላል። ሸራው ከላይ ንጹሕ ነበር፤ ከታች ግን ወለሉ በቀስታ ዱቄት እየሆነ ነበር።

የሱሉልታው ተረኛ ሲሆን ቮልሷን ያገኛት እንደዚህ ሆና ነው። በገመድ አስጎትቶ አባትየው ዕድሜ ልካቸውን ያሠሩባቸው ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ አደረሳት። ጋሼ ሥራውን ለልጃቸው ለቀው፣ ጋራዡ በር ላይ በርጩማ አውጥተው ፀሐይ የሚሞቁ ሰው ናቸው። ቮልሷን ሲያዩ ግን ተነሡ። የኋላውን ወንበር ራሳቸው አነሡት፤ ጣታቸውን ባትሪው የነበረበት ላይ ቢጫኑ ጣታቸው በላሜራው አልፎ መሬቱን ነካ። ምንም አላሉም። ጣታቸውን አውጥተው አሳዩት፤ በቃ።

የበሰበሰው ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ተበየደ። ቤንዚን ደርቆበት የተለጣጠፈው ካርቡራተር ተፈትቶ ታጠበ። የፍሬን ጎማዎች ሶማሌ ተራ ተፈልገው፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ተገኙ። ዘይቷ ሲወርድ እንደ ድልህ ወፍሮ ነበር። የሱሉልታው ለዚህ ሁሉ አንዲት ጊደር ሸጠ። ለእህት ወንድሞቹ አልነገራቸውም፤ ቢነግራቸውም «አበጀህ!» ከማለት ሌላ ምን ይመጣል ብሎ ይሆናል።

ሰውየው ከብት አርቢ ነው። ሱሉልታ ሣርና ወተት የማይታጣበት ሜዳ ነው፤ ጠዋት በመንገዱ ዳር የሚሮጡትን አትሌቶችና ወተት ይዘው ወደ አዲስ አበባ የሚወርዱትን ሰዎች እኩል ነው የምታየው። ቮልሷን ወተት ጫነባት። ሁለት ጀሪካን ከፊት፣ ከትርፍ ጎማው ኋላ፤ የቀረው አይጧ ጎጆ በሠራችበት ወንበር ላይ። አዲሱ ገበያ ሲደርስ የፊቱን ኮፈን ከፍቶ ወተት ሲያወጣ ያዩ ሕፃናት «ሞተሯ ወተት ሆኗል!» እያሉ ይከቧታል። በሁለተኛው ወር አንድ ጋሪ ፓራፋንጎዋን አጎደጎደው፤ አላስተካከለውም። ፎቶዋ እንዴት እንደሆነ እንጃ ዋሽንግተን ደረሰ።

«የአባባን መኪና የወተት አህያ አደረግሃት?»

ሁለቱም ዘንድ፣ ሰበታም ቡራዩም፣ በዚያው ሳምንት ደወለች። ቁጣው አንድ ዓይነት ነበር።

አሁን ወደ አንድ ማለዳ ልውሰዳችሁ። የሱሉልታው ወተቱን አድርሶ ባዶ ጀሪካኖቹን እያንገጫገጨ የእንጦጦን ትከሻ ሲወጣ ከፊቱ ትንሿ ቀይ መብራት በራች። ሌላ ሰው ባትሪ ነው ብሎ እቤቱ ይደርስ ነበር፤ ማለት፣ ለመድረስ ይሞክር ነበር። ቮልስ ላይ ዲናሞውንና ማራገቢያውን የሚያዞረው ያው አንድ ቺንጋ ነው። መብራቱ በራ ማለት ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ ቺንጋው ተበጠሰ ማለት ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ የለም ማለት ነው። ወዲያው አጠፋት። ወንበሩ ሥር ትርፍ ቺንጋ፣ ቁጥር 21 ቁልፍና ካቻቢቴ ነበሩ፤ አባቱ ካስቀመጧቸው ቦታ አላነሳቸውም። ካቻቢቴውን ዲናሞው ጎማ ላይ ባለችው ጥርስ ወትፎ ያዘ፣ ብሎኗን ፈታ፣ ቀጫጭኖቹን ቀለበቶች ከባርኔጣው ውስጥ በቅደም ተከተል ደረደረ። የአባቱ ባርኔጣ ናት። አዲሱን አግብቶ አጠበቀ፤ በአውራ ጣቱም ጫን አድርጎ የርግበቷን ልክ አየ። ሃያ ደቂቃ ፈጀበት። እጁን በነተበችው ጨርቅ ጠራርጎ ሲጨርስ «በቃኝ» አለ ለራሱ።

በዚያ ሳምንት መጨረሻ ሁሉንም ጠራቸውና «ቮልሷ ትሸጥ» አለ።

ምን ያልተባለ አለ! ዋሽንግተን ያለችው በስልክ አለቀሰች። የቡራዩው «ያው ለራሱ ሊያስቀራት ነው» ብሎ ጠረጠረ፤ «አሁን ጊዜው ነው ወይ? ነገ እጥፍ ታወጣለች» ብሎም ጨመረ። በዚህች ሁለተኛ ንግግሩ የቤተሰቡ ታሪክ የገበያ ዋጋ እንዳለው ራሱም ሳያስበው ተናገረ። የሰበታዋ ግን በሆዷ የነበረውን አወጣች፦ «አንተ አባባን አትወድም ነበር እንዴ?»

ጋሼን ጠሯቸው፤ ያስታርቁ ዘንድ። ሽማግሌው መካኒክ በርጩማቸውን ሳይቀር ይዘው መጡ። ሁሉንም ሰምተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«የዚች መኪና ዘይት ስንት ሊትር ነው?»

«አምስት?» አለ የቡራዩው።

«እሱ እንደ መኪናው ነው» አለች የሰበታዋ። ከስልኩ ውስጥ ሳል ተሰማ።

«ሁለት ሊትር ተኩል» አለ የሱሉልታው፣ ቀና ሳይል።

«እሺ» አሉ ጋሼ። «እኔ ትሸጥ አልልም፤ አትሸጥም አልልም። አትሸጥ ያለ ሁሉ ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሱሉልታ ይገኝ። የሚገፋ ሰው ያስፈልጋል።»

በዚህ መሐል ኔትወርኩ ተቋረጠ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ኔትወርክ ምንጊዜም ያስተዛዝናል።

የቡራዩው ቅዳሜ ጉዳይ ነበረው። የሰበታዋ ግን መጣች። በጨለማ ወጥታ አራት ታክሲ ቀይራ፣ ታኅሣሥ ነውና ውርጭ በሣሩ ላይ ጨው መስሎ ተበትኖ ሳለ ደረሰች። ቮልሷ በብርዱ አልነሣም ብላለች። «እትዬ፣ ከኋላ ግፊ! ስትሮጥልሽ ሁለተኛ ላይ ፍሪሲዮን እለቃለሁ» አላት። ገፋች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና እንደገና ገፋች። በሦስተኛው ሞተሩ ያንን የቮልስ ድምፁን፣ እንደ ልብስ ስፌት መኪና የሚንጣጣውን፣ አሰማ፤ ጭሱ ፊቷ ላይ በነነ። አባቷ ቅዳሜ ጠዋት ከመስኮቱ ሥር ሲያስነሷት እሷ ትራሱን ጆሮዋ ላይ ትጭን የነበረው ለዚህ ድምፅ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜም መጣች። በሦስተኛው ዘይቱን ራሷ ቀየረች፤ ወንፊቷን አውጥታ ከውስጧ የለቀመችውን የብረት ብናኝ በመዳፏ ላይ ዘርግታ ለረጅም ጊዜ አየችው። በአራተኛው ቅዳሜ ቡና ሲጠጡ፣

«ትሸጥ» አለች።

የሱሉልታው ስኒውን አስቀመጠ። የነተበችውን ጨርቅ ከኪሱ አወጣና አጠፋት፣ ዘረጋት፣ መልሶ አጠፋት።

«እስቲ ቆይ፣ እትዬ» አላት። «ቢያንስ እስከ ፋሲካ።»

ምሳሌው እዚህ ላይ ነው የሚቆመው። ተሸጠች ወይ፣ ቀረች ወይ ለሚለኝ፣ እኔ ዘንድ የደረሰው እስከዚህ ነው።

የሰሎሞንን ፍርድ ያስታወሰ አንባቢ ይኖራል፤ እውነተኛዋ እናት «ለእሷ ይሰጣት» ያለችው ናትና። ይመሳሰላል፤ እኔ ግን እስከዚያ አልሄድም። የሰሎሞን ታሪክ ውስጥ ሁለቱም ሴቶች የተከራከሩት ልጁን ይዘው ሊያሳድጉ ነበር፤ የእኛዎቹ ወራሾች ግን ከሞላ ጎደል አያሳድጉም። በአገራችን «አይሸጥ» ከማለት የቀለለ ነገር አላውቅም። ቃሉ ራሱ ክብር ያላብሳል። የሚሸጠው ወገን የናቀ፣ የተጣደፈ፣ የራበው ይመስላል፤ አይሸጥ ባዩ ደግሞ ያለ አንድ ሊትር ዘይት አባቱን ያከበረ ይሆናል። ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ ግን ማክበርም የራሱ ዋጋ አለው፤ የሚከፍለው ደግሞ ብዙ ጊዜ የማይናገረው ነው።

ሌላም አለ። በሌላው ዓለም አሮጌ መኪና አብዛኛውን ጊዜ በየዓመቱ ዋጋው ይወርዳልና ባለቤቱ ፍቅሩን በኪሳራ ያረጋግጣል። እዚህ ግን መኪና እንደ ወርቅ ይቀመጣል። ብሩ ሲወርድ መኪናው ይወጣል፤ ስለዚህ «ቅርስ» ስንል የምንጠብቀው አባታችንን ይሁን ደላላውን ራሳችንም አናውቀውም። ቮልስን የፈጠረው ፋብሪካ እንኳ ትቷታል። 21 ሚሊዮን ተኩል ያህል ከተሠሩ በኋላ በ1995 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻዋ በማሪያቺ ሙዚቃ ታጅባ ወጣች፤ ወደ ጀርመንም ሄዳ ሙዚየም ገባች። እዚያ ትጠበቃለች፤ አቧራዋን እንዲጠርግ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው አለ። ቡራዩ ያለው ቆርቆሮ ቤት ከዚያ ሙዚየም የሚለየው በዚህ ብቻ ነው።

በሰበታዋ ልፈርድ አልችልም። እኔም «የእማማን ቤት እንዳትሸጡ» ብዬ በስልክ ከተናገሩት አንዱ ነኝ፤ ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር። ታናሽ እህቴ እሺ አለች፤ ቤቱ ውስጥ የምትኖረው እሷ ናት። ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ሌላ ጉዳይ ኖሮኝ ደውዬ ከኋላዋ የሚንጠባጠብ ነገር ሰማሁ። ምንድነው ብላት ጣሪያው ነው አለችኝ። ስንት ቦታ ያፈሳል ብዬ ጠየቅኋት።

«ዛሬ ሰባት ሳፋ ደርድሬያለሁ» አለች፤ «ትልቁ ክፍል ሦስት፣ ጓዳ ሁለት፣ ከእማማ አልጋ ግራና ቀኝ አንድ አንድ።»